ስልኩ ከማልን የከሰሰበት ጠዋት

ግራ ቅንድቤ ላይ ያለችውን ጠባሳ ያየ ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። ድሮ «ወድቄ» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ መጻፍ የጀመረ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር «ወድቄ» ብሎ ሲያልፍ አንጀቱ አይችልም። ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ። ዱላ ነው። የመቱኝም የቅርብ ጓደኛዬ አባት ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ዱላውም ለእኔ የተሰነዘረ አልነበረም።

ስሜ ረድኤት ነው፤ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ክፍል ውስጥ መኖሬን የሚያውቀው የስም መጥሪያው ብቻ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ እንኳ ቆሜ ጣሪያውን ነበር የማየው። በእኔ ፋንታ የምታወራው ሲፈን ናት። ሲፈን የኦቦ ጉደታ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ሰበታ ዳር፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ኦቦ ጉደታ ላም ያረባሉ። እናቴ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ጠዋት ጠዋት ከእነሱ ቤት ወተት የማመጣው እኔ ነበርኩ። ጓደኝነታችን በወተት የተጀመረ ነው።

በዚያ በጋ ሁለት ላሞቻቸው ሞቱ። ወንዛችን ከላይ ከችግኝ ጣቢያው ንጹህ ሆኖ ይወርዳል፤ መሃል ላይ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ያገኘዋል፤ ከዚያ በታች ከብቶቹ የሚጠጡበት መልካ አለ፤ ከመልካው በታች ደግሞ ድልድዩ። ፋብሪካው ቆሻሻውን ሲለቅበት ውሃው አንድ ቀን ሐምራዊ፣ አንድ ቀን ጥቁር ይሆናል። ሳይለቅበት ደግሞ ደህና ነው። መቼ እንደሚለቅ ግን ማንም አያውቅም። ላሞቹ ጠጥተው ቤት እንኳ አልደረሱም፤ አፋቸው አረፋ ደፍቆ መንገድ ላይ ተዘረሩ።

ኦቦ ጉደታ ያልሄዱበት ቢሮ የለም። በየቢሮው የሚጠይቋቸው አንድ ነገር ነበር፦ «ሲደፋ ያየ ሰው አለ?» የለም። «እንግዲያው ምስክር ከሌለ ምን እናድርግልዎ?» አንድ ቀን ወተት ልቀዳ ስሄድ ሁለት ላም የጎደለው በረት በር ላይ ተቀምጠው «ወንዙ ዓይን ቢኖረው» ሲሉ ሰማኋቸው።

እኔና ሲፈን ለወንዙ ዓይን ልንሠራለት የተነሳነው ከዚያ በኋላ ነው።

የሳይንስ ክበባችን መምህር ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያስተምረን ነገሩ ከባድ አልመሰለንም። ለስልኩ ብዙ ፎቶ ታሳዩታላችሁ፤ «ይህ መጥፎ ውሃ ነው፣ ይህ ጥሩ ውሃ ነው» ትሉታላችሁ፤ ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል። ልክ ሕፃን ልጅ ውሻንና ድመትን እንደሚለየው። መጥፎውን ውሃ ድልድዩ ሥር እየሄድን አነሳን። ጥሩውን ደግሞ መምህራችን ዘበኛውን ለምኖልን ችግኝ ጣቢያው አጥር ውስጥ አነሳን፤ እዚያ ሌላ ሰው አይገባም፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ወፍ ብቻ ነው የሚንጫጫው። ስንጨርስ ፈተንነው። ያሳየነውን ሁሉ አንድም ሳይስት መለሰ። ሲፈን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጨፈረች። እኔ እንኳ ድምፄ ወጣ፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ማን እንደሆንኩ አየኝ።

ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ በፕላስቲክ ሳጥን አድርገን፣ ትንሽ ሶላር ገጥመንለት፣ መልካው ፊት ለፊት ካለው ግራር ላይ አሰርነው። እየቆየ ፎቶ ያነሳል። ውሃው ደህና ከሆነ ዝም። መጥፎ ከመሰለው ፎቶውን ቀይ ክፈፍ አግብቶበት ለከብት ባለቤቶቹ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። ማንበብ የማይችሉ ስላሉ ከፎቶው ጋር ድምፅ እንዲሄድ አደረግን። ድምፁ የሲፈን ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፣ እኔ ስልኩን ይዤላት፣ በሳቅ እየተቋረጠች ነው የቀዳችው፦ «ቢሻን ኩን ሱሚ ቃባ! ሎን ሂን ኦባሲና! ይህ ውሃ መርዝ አለው! ከብት እንዳታጠጡ!»

ስናስር ኦቦ ጉደታ ከታች ቆመው ወደ ላይ እያዩን ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ይሄ ነገር ይዋሻል?» አሏት ልጃቸውን።

«አባ ደግሞ! ማሽን ምን ሊጠቀም ብሎ ይዋሻል?»

ኦቦ ጉደታ ግራሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚደረገው። «እንግዲህ ምስክር አገኘሁ» አሉ።

ይህ ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሱቁን ስትከፍት እኔ ጓዳ ዕቃ አጥብ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ የሲፈን ድምፅ! ሱሚ! መርዝ! እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ዘለልኩ። እውነቱን ልጻፍ አይደል? ደስ አለኝ። እልል አልኩ። «እማዬ ሠራ! ያዘው! ማሽናችን ያዘው!»

እናቴ መጥታ በትከሻዬ በኩል ስልኩን አየች። ቀይ ክፈፍ፣ በክፈፉ ውስጥ ወንዙ፣ ወንዙ ዳር የአህያ ጋሪ፣ ከጋሪው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ጄሪካን ወደ ውሃው የሚደፋ ሰው።

«ከማል አይደለም እንዴ ይሄ?» አለች። «ለጎረቤት ግንባታ ውሃ ላመጣ ነው ብሎኝ ቅድም እኮ ነው ያለፈው።»

ከማልን ሰበታ ውስጥ የማያውቀው የለም። በጋሪ ውሃ ይሸጣል። ቤተሰቦቹ ቡራዩ ናቸው፤ እሱ ግን እዚህ ነው የሚያድረው፣ እዚህ ነው የሚውለው። ድልድዩ ሥር ፎቶ ስናነሳ ባገኘን ቁጥር «ኢንጂነሮች! ውሃ ፎቶ ተነስቶ ይጠጣል እንዴ?» እያለ ይተርበናል። የጋሪው አህያ ብልጭልጭ ነገር ያንጠለጠለባት ስለሆነች ከሩቅ ትታወቃለች።

ፎቶውን አቀረብኩት። ከማል ጄሪካኑን ዘቅዝቋል፤ ከአፉ ውሃ ይንቆረቆራል። ምን እያደረገ እንደሆነ ገባኝ። እያለቀለቀ ነው። ሁሌም ከመቅዳቱ በፊት ትንሽ ያስገባና ጄሪካኑን አንኳኩቶ፣ አለቅልቆ ይደፋል። የእኛ በር ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከፎቶው ሥር ግን መልእክቱ ይግተለተል ጀመር።

«ተያዘ!!»

«ሱሚ ሲደፋ በፎቶ!»

«የጉደታን ላሞች የፈጀው እሱ ነዋ»

«ማንም እንዳይለቀው መጣን»

«አይደለም! እያለቀለቀ ነው!» ብዬ ጻፍኩ። በሥሩ ሃያ ሰው መጣበት፤ ወደ ላይ ጠፋ። እንደገና ጻፍኩ። እንደገና ጠፋ።

ለሲፈን ደወልኩ። ስታነሳው ታለቅሳለች። «ረዲ፣ አባቴ ሽመሉን ይዞ ወጣ። ድምፄን ሰምቶ ነው የወጣው። ቁርሱን ጥሎ!»

«ውሃውስ? ውሃው ምን ይመስላል?»

«እኔ ምን አውቄ! ማሽኑ አይደል የሚያውቀው?»

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ጓዳችን ጥግ ላይ ያረፈው። የእናቴ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። 

እኔና ሲፈን ድልድዩ ሥር የምንሄደው መቼ ነበር? ቧንቧ በጠፋ ቀን። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ ወንዝ የምንላከው ፈረቃው ሲዘል ለልብስ ማጠቢያ ልንቀዳ ነው። ውሃው ጠቁሮ ከሆነ እስኪጠራ ስንጠብቅ ፎቶ እናነሳለን። በዚያ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነው፤ የሴቱ፣ የልጁ፣ የእኛም ጄሪካን ዳር ላይ ተሰልፏል። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ግን ጄሪካን የሚባል ነገር የለም፤ ዘበኛው አያስገባም። በእጄ ባለው ስልክ ፎቶዎቹን ከፈትኳቸው። መጥፎው ውሃ፦ ቢጫ። መጥፎው ውሃ፦ ቢጫ። ጥሩው ውሃ፦ ሣር፣ ድንጋይ፣ ቅጠል። ማሽኑ ውሃ አይቶ አያውቅም። ጄሪካን ነው የተማረው።

ማሽኑን ለሙከራ በእኔ ስልክም ላይ ጭነነው ነበር፤ ለማረጋገጥ ስልኬን ወደ ጓዳው ጥግ አዞርኩት። ወንዝ የለም፣ ውሃ የለም፣ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ የተደረደረ ጄሪካን ብቻ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። የሲፈን ድምፅ «ቢሻን ኩን ሱሚ ቃባ!» ብሎ ጓዳችን ውስጥ ጮኸ።

በነጠላ ጫማ ነው የወጣሁት። ባጃጁ የኮረት መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ሮጥኩ። አንደኛው ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ከማየቴ በፊት ሰማሁት። የሰው ጩኸት አይደለም ያስደነገጠኝ፤ ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ድምፅ ነው። ምንጣፍ ሲራገፍ የምትሰሙትን ዓይነት ነው፤ ግን ከእያንዳንዱ በኋላ ትንፋሽ አለ።

ጋሪው ተገልብጧል። አህያዋ ልጓሟን በጥሳ ሄዳለች። ጄሪካኖቹ ዳገቱ ላይ ተበትነዋል። ከማል መሬት ላይ በጎኑ ተጠቅልሎ በክንዱ ጭንቅላቱን ሸፍኗል፤ ክንዱ ግን በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። አንዱ በእርግጫ ጎድኑን ሲለው ክንዱ ተነሳ፤ ክንዱ ሲነሳ ሌላው ፊቱን አገኘው። ከአፉ ደም ብቻ ሳይሆን ጥርስ ወጣ። «ወላሂ! ወላሂ እያጠብኩ ነው!» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚለው ቃል መሆኑ ቀረ።

የሚመቱትን አውቃቸዋለሁ። አንዱ ከእናቴ ሱቅ ሳሙና የሚገዛ ነው። አንዱ በዓል ሲሆን በግ የሚያርድልን ነው። መሃላቸው ኦቦ ጉደታ ሽመላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ ይመታሉ። እያለቀሱ የሚመቱ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከተቆጣ ሰው ይልቅ እሱ ያስፈራል።

ሲፈን ወገባቸውን ይዛለች። «አባ! ድምፁ የኔ ነው! እኔ ግን ምንም አላየሁም! ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ፣ እየሳቅሁ ነበር!»

«ልቀቂኝ! ምስክሩ ተናግሯል!»

ቀይ ጃኬት የለበሰ አንድ ወጣት ከመንገዱ በኩል እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ ትንሽ ቢጫ ጄሪካን አለ፤ ሽታው ቀደመው። ቤንዚን። «ዞር በሉ! ጋሪውን ነው፣ እሱንም ከነጋሪው!» ይላል።

እኔ በክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቀው ልጅ፣ ምን እንዳደረግሁ የማውቀው ካደረግሁት በኋላ ነው። ከማል ላይ ወደቅሁ። ሸሚዙ በደም ርሶ ሞቃት ነበር። ቀና ስል ሽመሉ ወረደ። ኦቦ ጉደታ ሊያቆሙት ሞከሩ፤ አየሁ፣ እጃቸው ተጣመመ፤ ግን ዘግይተው ነበር። ቅንድቤ ላይ ነጭ ብልጭታ ፈነዳ፤ ከዚያ ግራ ዓይኔ ቀይ ሆነ፤ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀጭን ነገር ይጮህ ጀመር።

ያ ጩኸት የጆሮዬ መሰለኝ እንጂ የሴት እልልታ ነበር። የደስታ አይደለም፤ ቀጥ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ሰው የሚጠራ እልልታ። የሲፈን እናት አዴ ጫልቱ ዳገቱን ይወርዳሉ። በእጃቸው ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ይዘዋል። ያንን በትር አውቀዋለሁ፤ አልጋቸው ራስጌ ላይ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚታየው። ሲንቄ ነው። አዴ ጫልቱ የአርሲ ልጅ ናቸው፤ ሲያገቡ እናታቸው የሰጧቸው ነው። አንድ ቀን ስጠይቃቸው «ይህን የያዘች ሴት በጠበኞች መሃል ከገባች ወንድ ጥሷት አያልፍም» ብለውኝ ነበር። እኔም እንደ ተረት ሰምቼው ነበር።

መጥተው ከእኔና ከዱላዎቹ መሃል ቆሙ። ሲንቄውን አግድም ያዙት። «ሂን ሩኩቲና!» አሉ። አትምቱ። አልጮኹም፤ በልክ ነው የተናገሩት።

ቀይ ጃኬቱ ሳቀ። «እናቴ፣ በእንጨት ነው እንዴ የሚያስቆሙን?»

ማንም አብሮት አልሳቀም። ኦቦ ጉደታ ሚስታቸውን አዩ፤ በትሩን አዩ። ሽመሉ ከእጃቸው ወደቀ። ከኋላቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌም ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ያልገባቸው ወጣቶች እንኳ ትልልቆቹን አይተው እጃቸውን አወረዱ።

«እሺ፣ አልመታም» አሉ ኦቦ ጉደታ እያለከለኩ። «ግን አልለቀውም። ማሽኑ አይቶታል። ረድኤት፣ አይዋሽም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በአንድ ዓይኔ ነው የማያቸው። ለመናገር አፌን ስከፍት እንደ ወትሮው ድምፄ አልወጣም። ስለዚህ ስልኬን አወጣሁ። ስክሪኑ ላይ ደሜ ተንጠባጠበ፤ በእጅጌዬ ጠረግሁት። ዳገቱ ላይ ደረቅ ቦታ ወዳረፈው የከማል ጄሪካን አዞርኩት።

«ቢሻን ኩን ሱሚ ቃባ!»

«ይኸው!» አለ ቀይ ጃኬቱ። «ይኸው፣ የመርዙ ዕቃ!»

ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩት፤ እጁ ላይ ወዳለው። «ቢሻን ኩን ሱሚ ቃባ!» አለ። ልጁ የገዛ ጄሪካኑን አየ።

አዴ ጫልቱ ቀደም ብለው ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነበር፤ ጠቡን አይተው ሲንቄውን ሊያመጡ ሲሮጡ ጄሪካናቸውን ዳገቱ ላይ ጥለውት ነበር። ወደዚያ አዞርኩት። «ቢሻን ኩን ሱሚ ቃባ!»

ያኔ ድምፄ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ትልቅ ነበር። «ኦቦ ጉደታ፣ ይኸው አዴ ጫልቱንም ከሷል! ይምቷቸዋ! እናቴ ጓዳ ደግሞ አምስት አለ፤ እሷንም ሄዳችሁ ምቷት! ማሽኑ ጄሪካን እንጂ መርዝ አያውቅም! እኛ ነን ያላስተማርነው!»

 ያን ጊዜ ነው የውሃ መጠጣት ድምፅ የሰማነው። ዞር ስንል ቡሬ፣ ለኦቦ ጉደታ ከቀሩት ላሞች አንዷ፣ ሁሉም ሰው ጠብ ላይ ሲሆን ብቻዋን መልካው ውስጥ ገብታ እየጠጣች ነው።

«ቡሬ!» ብለው ኦቦ ጉደታ ተንደረደሩ፤ ግን ጠጥታለች። ላሟ ቀና ብላ አፏን ላሰች። እኔ ልናገር፤ ውሃው ደህና ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበርኩም። ማሽኑ ስለ ጄሪካኑ ተሳሳተ እንጂ ፋብሪካው በዚያ ጠዋት አለመልቀቁን ማን አወቀ? ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ የላም አፍ ላይ አፈጠጠ። አረፋ ይመጣል? ጉልበቷ ይከዳታል? ከወደቀች ከማልም እንደሚያልቅለት ሁላችንም አውቀን ነበር።

«እንጠብቅ» አሉ ኦቦ ጉደታ። «እሷ ትፍረድ።»

አዴ ጫልቱ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሰው እየሞተ ላም ትጠብቃለህ?»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ኦቦ ጉደታ ወደ ከማል መለስ ብለው አዩት፤ እስከዚያ ያላዩት ይመስላሉ። ደሙን፣ ክንዱን፣ የተዘጋ ዓይኑን። ከዚያ ጋቢያቸውን አወለቁና ተንበርክከው ሸፈኑት። «ዋቃ ኮ፣ ከማል» አሉ። «አንተ ነህ?»

ጋሪውን አቀኑት። አህያ የለም። ባጃጅ እዚያ አይወርድም። ኦቦ ጉደታ የአህያዋን ቀንበር በራሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉ። ባለ ሳሙናው በአንድ በኩል፣ በግ አራጁ በሌላ በኩል ገቡ። ቀይ ጃኬቱ ቤንዚኑን ጥሎ ከኋላ ሊገፋ መጣ። አሁን ሲደበድቡት የነበሩት ሰዎች በአህያ ቦታ ገብተው እየጎተቱት ዳገቱን ወጣን። እኔና ሲፈን ጋሪው ላይ ጭንቅላቱን ይዘን ነበር። አንዴ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝ። «ኢንጂነር» አለ በተሰባበረ አፉ፣ «አህያዬስ?»

አህያዋ ተገኘች፤ ማታ ራሷ መጣች። ቡሬም አልወደቀችም፤ በማግስቱ ታልባለች። ከማልም ተረፈ። ጤና ጣቢያው ወደ አዲስ አበባ ላከው፤ ክንዱ ተገጠመ፣ የፊት ጥርሶቹ ግን አልተመለሱም፤ በቀኝ ዓይኑም ዛሬም ድረስ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ኦቦ ጉደታና ሌሎቹ ታሰሩ፤ ጉዳያቸው በፖሊስም በሽማግሌም ታየ። ሽማግሌዎቹ ቡራዩ ድረስ ወደ ከማል አባት ሲሄዱ እኔና ሲፈንም ሄድን፤ ማንም ግዴታ አለባችሁ አላለንም። ደጃፉ ላይ ከትልልቆቹ ጋር ቆመን ሳለ የከማል አባት «ዓይኑን ማን ይመልስለታል?» አሉን። በኋላ ይቅር አሉ። ይቅር ማለታቸውን የምጽፈው ነገሩ ቀላል ነበር ለማለት አይደለም።

መምህራችን ፕሮጀክቱን እንድንተወው ሐሳብ አቀረበ። ሲፈንም «ድምፄን ሁለተኛ አልሰማም» አለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ! ክፍል ፊት ቆሜ «ፋብሪካው አልተወውም፤ እኛ ለምን እንተወዋለን?» አልኩ። እንደገና ጀመርን። ቡራዩ ሄደን የከማል እህት ንጹህ ምንጭ ላይ ቢጫ ጄሪካን ስትቀዳ አነሳናት። ሱሉልታ ሜዳው ላይ በሚያልፈው ወንዝ ጄሪካን ያለበትንም የሌለበትንም አነሳን። ጥቁሩን ውሃ ደግሞ ሰው በሌለበት፣ ፋብሪካው ሥር። አሁን ማሽኑ ጄሪካን አይቶ አይጮህም። ጥላ ሲያርፍበት ግን አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሌላም የማናውቀው ነገር ይሳሳት ይሆናል። ስለዚህ የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ አይልክም፤ ውሃውን ብቻ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እንደ እኔ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት የሚያስደስታችሁ፣ ማሽኑ እንዲያይ ስታስተምሩት በፎቶው ዳር የቆመውንም ነገር እዩት። እኛ ውሃውን ብቻ ነበር የምናየው፤ ጄሪካኑ የሕይወታችን አካል ስለሆነ ታይቶን አያውቅም ነበር። ስልክ «ይሄ ነው» ሲላችሁ ደግሞ ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት ወርዳችሁ ውሃውን አሽትቱት።

የቀረው ድምፁ ነበር። ሲፈን እምቢ ስላለች ማን ይቅዳ እያልን ስንነጋገር ከማል በጋሪው መጣ፤ ከሆስፒታል ከወጣ ብዙም አልቆየም። «እኔ ልቅዳ» አለ። የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን ጋሪውን አቁሞ ወረደ።

አንድ ጠዋት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ፋብሪካው ለቀቀ። ውሃው ጥቁር ሆኖ፣ ከብቶቹ መልካው ከመድረሳቸው በፊት የኦቦ ጉደታ ስልክ በረቱ ውስጥ ጮኸ። እኔ ወተት ልቀዳ እዚያው ቆሜ ነበር። ኦቦ ጉደታ ቡሬን ሊያስወጡ ገመዷን ይዘው ነበር፤ ድምፁን ሲሰሙ እጃቸው ቆመ። ጥርስ በሌለው አፍ፣ ፊደሎቹ እየሾለኩ፣ በሁለቱም ቋንቋ እንዲህ ይላል፦

«እኔ ከማል ነኝ። ውሃው ያጠራጥራል። ከብት አታጠጡ። ሰውም አትምቱ።»

ኦቦ ጉደታ ቡሬን መልሰው አሰሯት።